አራት መቶ ሜትር

ሆላንድ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለእታለም ገላነሽ ቢሰጥ
ዝግባ ማርያም፣ ቡሬ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ከአሁኑ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቤቱ ግን ስለሚሞቅ አይዘኑልኝ።

ስልኩ አልገናኝ ሲለን ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወንድሜ ክንዱ መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ ቡሬ ሲመላለስ ይህን አትሞ ያደርስልዎታል። የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ያለበት ሲደርስ ይልክልኛል።

ባለፈው «ዶክተር የምትሆኚው በየትኛው በሽታ ነው?» ብለው እንደ ጠየቁኝ ስልኩ ተቋረጠ። የማጠናው ኩባንያ ነው፣ እታለም። በብዙ አገር የሚሠራ ኩባንያ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የቱን እንደሚወስን፣ የየአገሩ ቢሮ የቱን እንደሚወስን፣ አንድ ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ ገበሬ ዘንድ እስኪደርስ ምን ምን እንደሚሆን። ለጥናቴ የመረጥኩት እናንተ የበቆሎ ዘር የምታባዙለትን ሃልስቬርድን ነው። ዋናው መሥሪያ ቤቱ ከምኖርበት ከተማ በባቡር አርባ ደቂቃ ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ይህን ነው፤ የኩባንያው ትእዛዝ እናንተ ዘንድ እንዴት ይደርሳል? ማን ያመጣዋል? ጥያቄ ቢኖራችሁ ለማን ትናገራላችሁ? እንደሚያወሩኝ አድርገው ይጻፉልኝ። የመጽሐፍ ቃል አያስፈልገኝም።

ጉልበትዎን የምትስመው
ትሕትና

*

ዝግባ ማርያም፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትሕትና

እንደ ምን ሰነበትሽ? እኔም ከብቱም አገሩም አለን። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ደብዳቤሽን ለሰንበቴው ማኅበርተኛ ሁሉ ታስነብበው ነበር። ነፍሷን ይማርልን። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት፤ ጽሕፈቴ ከተንጋደደ እያዘነበልሽ አንብቢው።

ትእዛዝ እዚህ የሚመጣው በሞተር ሳይክል ነው። ንብረት የሚባል የኩባንያው የመስክ ሠራተኛ አለ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። መጥቶ ዝሩ ሲል እንዘራለን፣ አርሙ ሲል እናርማለን። «ለምን?» ስንለው «ከላይ ነው» ይለናል። ጥያቄ ሲኖረን ለእሱ እንነግረዋለን። እሱም «ወደ ላይ አቀርባለሁ» ይላል። እስከ ዛሬ ከላይ ተመልሶ የወረደ መልስ አላየሁም። የጠየቅሽኝ ይህ ነው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ አለኝ። ሰኔ ላይ አርባ ሁለት ገበሬዎች ስንዘራ «ከሌላ ሰው በቆሎ ሁለት መቶ ሜትር ራቁ፤ ንፋስ የሌላውን አበባ አምጥቶ ዘሩን እንዳይደባልቅባችሁ» ተባልን። በገመድ ለክተን ራቅን። «በማሳው ዳር ዙሪያውን አራት መስመር ወንዴውን፣ አበባ ሰጪውን፣ ብቻ ጨምሩ» አሉን፤ ጨመርን። ነሐሴ ሙሉ፣ ዝናቡ ጀርባችን ላይ እየወረደ፣ ሴቴ በሚባለው መስመር ጫፍ ላይ የሚወጣውን አበባ አንድ በአንድ በእጃችን ስንነቅል ከረምን። አንድ ቀን ካለፈው ዘሩ ይበላሻል ስላሉን የፍልሰታ ለት እንኳ ከቅዳሴ መልስ ማሳ ገባን።

አሁን በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ንብረት መጣ። ከሞተሩ ሳይወርድ ነው የተናገረው።

«ርቀቱ አራት መቶ ሜትር ነው ተብሏል። የአርባ ሁለታችሁም በቆሎ ለዘር አይሆንም።»

«መቼ ነው የተባለው?» አልሁት።

«አሁን ነው የደረሰኝ።»

«ታዲያ እኛ የዘራነው ሰኔ ነው።»

«እታለም፣ ከላይ ነው» ብሎኝ ሄደ።

በቆሎው ለዘር አይሆንም ማለት እንደ ማንኛውም እህል ገበያ ይውጣ ማለት ነው። የዓመት ድካማችን በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። አንቺ ያለሽው የዚህ ኩባንያ ራስ ከተቀመጠበት አገር ነው። አራት መቶ ሜትር ያለው ሰው ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ
አክስትሽ ገላነሽ

*

ሆላንድ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእታለም ገላነሽ

ደብዳቤዎ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ደረሰኝ። ክንዱ መንገድ ተዘግቶበት ደብረ ማርቆስ ላይ እንደ ከረመ ነገረኝ። እርሱም እርስዎም ደህና መሆናችሁን ስሰማ ልቤ ተመለሰ።

የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሞተሩ ሳይወርድ መናገሩን ሳነብ ተቆጥቼ ከወንበሬ ተነሣሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቼ ሰዎች እንዳነጋግር ተፈቅዶልኛል። ትልቅ የመስተዋት ሕንጻ ነው። አምስተኛው ፎቅ ላይ የዓለም ካርታ አለ፤ ኩባንያው የሚሠራበት አገር ሁሉ በአረንጓዴ ተቀብቷል። የእኛም አገር አረንጓዴ ነው። ስለ ርቀቱ ጠየቅኩ። አንዱ ወደ ሌላው መራኝ፣ ሌላው ናይሮቢ ያለው የአካባቢው ቢሮ ያውቃል አለኝ። ናይሮቢ ያሉትን በቪዲዮ ጠየቅኳቸው፤ ከሆላንድ የመጣ ነው አሉኝ። የመስክ ሠራተኛው «ከላይ ነው» ሲል እዚህ ላይ ያሉት ደግሞ «ከታች ነው» ይላሉ።

ትንሽ ይታገሡኝ። የሚሰጥዎትን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ።

አክባሪዎ
ትሕትና

*

ዝግባ ማርያም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል።

ሳያነቡ አይፈርሙ ያልሽኝ በጊዜው ደረሰ። ንብረት ወረቀት ይዞ መጣ። «ርቀቱን ሳንጠብቅ በመቅረታችን ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ኩባንያውን ምንም አንጠይቅም» ይላል። የፈረመ በሚመጣው ዓመትም ውል ይሰጠዋል፤ ያልፈረመ ይቀርበታል። ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ፈርመዋል። አልፈርድባቸውም። ጎረቤቴ ሸጋዬ ስትፈርም አጠገቧ ነበርሁ። ባሏ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቷል፤ በቆሎውን ዛሬውኑ ካልሸጠች የምታስታምምበት የላትም። ጣቷን ቀለም አስነክራ አተመችና ቀና ብላ ሳታየኝ ሄደች።

ያልፈረምነው አሥራ አንድ ነን፤ ሰባቱ ሴቶች። ንብረት እየዞረ ሲለምነን ከወዲያ ማዶ የመጡት ሴቶች በአዊኛ ይነጋገራሉ፤ እሱ ስለማይሰማ ግራ ይገባዋል። እኔ ከባሌ ቤተሰብ ስለ ለመድሁ እሰማለሁ። «ሳንፈርም ብንራብ ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ፈርመን ብንራብ ግን የእኛ ይሆናል» ነው ያሉት። አላስተረጎምሁለትም።

ባሕር ዳር ያለው ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው «አዲስ አበባ ነው የሚያውቀው» አለኝ። ተቀምጬ ዋልሁ። ማታ ላይ ሊዘጋ ሲል «እማማ፣ ምን ይሁንልዎት?» ሲለኝ «አሁን የነገርኸኝን ጽፈህ ፈርምልኝ» አልሁት። አልፈረመልኝም።

ያገኘሽው ነገር አለ? መልስሽ አጥሮብኛል። የምታውቂውን የምትደብቂኝ ይመስለኛል።

ገላነሽ

*

ሆላንድ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እታለም ገላነሽ

ለጠየቁኝ እውነቱን ልመልስ። አዎ፣ ያገኘሁት ነገር አለ። ልነግርዎት ግን አልችልም። ሕንጻው ውስጥ ስገባ ያነበብኩትን ለውጭ ሰው ላልናገር ፈርሜያለሁ። እርስዎን አይፈርሙ እያልኩ እኔ ፈርሜ መገኘቴ ያሳፍረኛል። ስፈርም ሁሉም ተመራማሪ የሚያደርገው ተራ ነገር ነበር የመሰለኝ።

መልስ እንዳልሰጥ እንጂ ጥያቄ እንዳልጠይቅ አልፈረምኩም። ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው። ስለዚህ እንደ ተመራማሪ ሦስት ነገር ልጠይቅዎ፤ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

የርቀቱን ትእዛዝ ወረቀት በዓይናችሁ አይታችሁታል ወይስ የሰማችሁት በቃል ነው?

ካያችሁት፣ ያሳዩዋችሁ ሙሉውን ነው ወይስ የፊተኛውን ገጽ ብቻ?

በሠንጠረዥ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሚጻፍ ማስታወሻ ሲኖር ማን ነው ተርጉሞ የሚያነብላችሁ?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እርስዎ የጎጃም ሰው ነዎት፤ ሰው ሲናገር ከአፉ የቀረውን መስማት ከሕፃንነትዎ ያውቁበታል።

ሌላም ልነግርዎ የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። በሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ትሕትና

*

ዝግባ ማርያም፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና

ጥያቄሽ ደርሶኝ ነበር። የሆነውን እንዳለ እነግርሻለሁ።

አሥራ አንዳችን ተሰብስበን ፍኖተ ሰላም ለዞኑ ግብርና አመለከትን። እነሱም ኩባንያውን ጠሩልን፤ የካቲት ሃያ አራት ሰኞ ቀጠሮ ተያዘ። ጾም ገብቶ ነበርና ደረቅ ቆሎ ቋጥረን ሄድን። ከአዲስ አበባ የመጣው የኩባንያው ኃላፊ አቶ ቴዎፍሎስ ይባላል። ለስላሳ ሰው ነው፣ እጅ ነሥቶ ነው ሁላችንንም ሰላም ያለን። ከመንግሥት ወገን ምስክር የምትባል የሰብል ባለሙያ ተቀምጣለች፤ የአንቺ እኩያ ናት።

አቶ ቴዎፍሎስ ብዙ ተናገረ። ኩባንያው በሠላሳ አገር እንደሚሠራ፣ ደንቡ በሁሉም አገር አንድ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ቢፈልግ ሊለውጠው እንደማይችል። ሲጨርስ ተነሣሁ።

«ወረቀቱን ይዘኸው መጥተሃል?» አልሁት።

«ይዣለሁ፣ እናቴ።» አንድ ገጽ አውጥቶ አሳየን። አራት መቶ የሚለውን በቢጫ ቀለም ቀብቶታል።

«ይህ ፊቱ ነው። ሙሉውን ነው የምልህ።»

«ሙሉው እንግሊዝኛ ነው፤ መቶ ገጽ ያልፋል።»

«ግድ የለም፣ ቸኩለን አልመጣንም። ከአራት መቶ በታች፣ ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ካለ እሱን አንብብልን።»

ገጹን አጠፈው። የተናገርሁት ነገር ወረቀቱ ላይ ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም ነበር። ፊቱን ሳየው ግን እንዳለ አወቅሁ። ምስክር እጇን ዘርግታ «ልየው» አለችው። ስልኩ ውስጥ ሙሉው ነበረና ሰጣት። ለራሷ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ አማርኛ መለሰችልን። እንዲህ ይላል፤ የገበሬው መሬት ትንንሽ በሆነበት አገር ርቀቱን የአገሩ ቢሮ ራሱ ሊወስን ይችላል፤ በማሳው ዳር ተጨማሪ የወንዴ መስመር ከተዘራ ሁለት መቶ ሜትር ይበቃል።

ከመካከላችን አለበል የሚባለው ሽማግሌ፣ ጆሮው ደከም ያለ ነውና፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል።

«የአገሩ ቢሮ ማለት ማን ነው?» አልሁ።

«እኛ ነን» አለ አቶ ቴዎፍሎስ።

«እናንተ ማለት?»

«እኔ ነኝ።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጠረገ። «የአምናው ዘር መንገድ ተዘግቶብን ሳይሸጥ መጋዘን ሞልቶ ቀረ። የዘንድሮውን ሁሉ ተቀብዬ የት ላስቀምጠው?»

«እንዲህ ብለህ ብትነግረን ኖሮ እኮ ሰው ነህና እንነጋገር ነበር። ለምን ጥፋቱ የእኛ ነው ብለህ ታስፈርመናለህ?»

ምስክር ቃለ ጉባኤ ያዘች። ናሙና ይወሰድ፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው በዘር ዋጋ ይገዛ ተባለ። ነገር ግን ላልፈረምነው ለአሥራ አንዳችን ብቻ ነው። የፈረሙት ፈርመዋልና አይመለከታቸውም ተባለ። እኔ ስለ እነሱ ብዙ ተከራከርሁ፤ አልሆነም።

ይህን ያህል መልካም ነው። አሁን ወደ ሌላው ልምጣ።

ስንወጣ አቶ ቴዎፍሎስ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ። «እናቴ፣ የእህትዎ ልጅ ትሕትና ናት አይደል ይህን ያስጠናችዎት? ደብዳቤ እንደምትጻጻፉ ንብረት ነግሮኛል። የኩባንያችንን እንጀራ እየበላች ነው እንዲህ የምታደርገን» አለኝ። አልገባኝም አልሁት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍሽን አሳየኝ። አንቺና ሌሎች አራት ልጆች ከኩባንያው ምልክት ሥር ቆማችሁ ትስቃላችሁ። የትምህርትሽን ወጪ ግማሹን የሚከፍለው ሃልስቬርድ ነው አለኝ።

ከአሥሩ ገበሬዎች ፊት ነው ያሳየኝ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያም ቡሬ እስክንደርስ ማንም አላናገረኝም።

በሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ ያልሽው ይህንን ነበር?

ገላነሽ

*

ሆላንድ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእታለም ገላነሽ

አዎ፣ ይህንን ነበር።

ከመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። ኩባንያው የከፈለላት ናት ብለው እውነቱን እንዳይነግሩኝ ፈራሁ። ደግሞም ገንዘቡ የሚመጣው በዩኒቨርሲቲው በኩል ስለሆነ ምንም ለውጥ የለውም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጠያቂም ተከፋይም ሆኜ መቆሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እርስዎ ከበረንዳው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ነው።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ብቻ አላልፍም። ያደረግኩትን ልንገርዎ። ከስብሰባው በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ጠሩኝ። የአምስተኛው ፎቅ ኃላፊ ሴትዮ ሻይ አቀረበችልኝና «ከቤተሰብሽ ጋር ስለ እኛ ትጻጻፊያለሽ?» አለችኝ። «እጻጻፋለሁ» አልኩ። «ከእንግዲህ ምዕራፎችሽን ከማሳተምሽ በፊት እኛ እናነባቸዋለን» አለችኝ። «አታነቧቸውም» አልኩ። መግቢያ ካርዴን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግሥቱ የእነርሱ ገንዘብ እንዲቆም ራሴ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን እያስተማርኩ ጥናቴን እቀጥላለሁ። ያነሰ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ መስኮቱ ብርሃን አለው።

ምላሽዎን እጠብቃለሁ፤ ቢቆጡም ይጻፉልኝ።

ትሕትና

*

ሆላንድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ክንዱ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደ ሰጠዎት ነግሮኛል። «አንብበው አጥፈው መሶብ ሥር አስቀመጡት፤ ምንም አላሉም» አለኝ።

ዝም ማለትዎን የእኔ ቅጣት አድርጌ ተቀብዬዋለሁ። ጤናዎን ብቻ ለክንዱ ይንገሩት።

ትሕትና

*

ዝግባ ማርያም፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትሕትና

ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ብቻ ያስቸግረኛል።

ዝም ያልሁት አንቺን ለመቅጣት አይደለም። ንዴቴ ሳይበርድ ብጽፍ እናትሽ ብትሰማው የምታዝንበትን ቃል እጽፍ ነበር። ቆየሁ። በቆሎዬን ናሙና ወሰዱ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። የአሥራ አንዳችንም ንጹሕ ወጣ። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ የሠላሳ አንዱም ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ያንን ግን ገበያ በልቶታል።

ከአሥሩ ጋር ዝምታው አንድ ወር ቆየ። በመጨረሻ አለበልን ቤቱ ድረስ ሄጄ ደብዳቤሽን አነበብሁለት፤ መግቢያ ካርድሽን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጥሽበትን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «የበላችው የእነሱን ነው እንጂ ልጅቱስ የእኛው ናት» አለ። እሱ ካለ ሌላውም ያምናል።

እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ገንዘባቸውን መውሰድሽ አላስከፋኝም፤ ትምህርት በማንም ገንዘብ ይማሩታል። ያስከፋኝ ከጠላቴ አፍ መስማቴ ነው። ከእንግዲህ ስለ አንቺ የሚያሳፍር ነገር ካለ መጀመሪያ የምሰማው ካንቺ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ልጄ ነሽ።

ሃልስቬርድ ለዘንድሮም ውል ይዞ መጥቶ ነበር። አሥራ አንዳችንም ሠላሳ አንዱም አንድ ላይ ሆነን ማኅበር ቤቱ ፊት ቆምን። «በአማርኛ ተጽፎ፣ ሙሉው ተነብቦ፣ ቅጂው በእጃችን ካልቀረ የሚዘራ የለም» አልን። ንብረት ከሞተሩ ወርዶ ነው ያዳመጠን። ምላሽ ሳይመጣ ሰኔ እየገባ ነው። ካልመጣ ጤፍ እንዘራለን፤ ጤፍ ወንዴ ሴቴ አታስለቅምም።

ገላነሽ

*

ሆላንድ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እታለም ገላነሽ

«ልጄ ነሽ» የሚለውን ሳነብ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፤ ለቅሶዬን ለመደበቅ አንድ ፌርማታ አሳልፌ ወረድኩ።

ስለ ዝግባ ማርያም የሚናገረውን ምዕራፍ ጽፌ ጨረስኩ። ስለ ወረቀቱ የፈረምኩትን ጠብቄያለሁ፤ የማጣቅሰው የፍኖተ ሰላሙን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። በአደባባይ ተነብቦ የተመዘገበ ነገር የማንም ምስጢር አይደለም። የምዕራፉም ሐሳብ ከዚያው የመጣ ነው፤ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ርቀት ራሱ መሣሪያ ነው፣ ቅርብ ያለው ወሳኝ ሩቅ ያለውን እያመለከተ ይደበቃል። ይህን እኔ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ በላይ ያሳየኝ እርስዎ «እናንተ ማለት?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ብለውኛልና። በዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት ያነጋገርናቸው ሰዎች ጉዳት እንዳይደርስባቸው ስማቸው አይጻፍም። እርስዎ በምዕራፉ ውስጥ «ገበሬ 14» ነዎት። አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ደንቡ ሰውን ለመጠበቅ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። የስሙ ባለቤት ራሱ በጽሑፍ ከጠየቀ ግን ስሙ ሊጻፍ ይችላል። ኩባንያው ያነበዋል፣ አቶ ቴዎፍሎስም ያነበዋል። የሚመጣው ዓመት ውል፣ የማኅበሩ ነገር ሁሉ አለና በደንብ ያስቡበት። ምርጫው የእርስዎ ነው።

ትሕትና

*

ዝግባ ማርያም፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትሕትና

ሰላምሽ ይብዛ። ዘንድሮ በማሳዬ ላይ ያለው ጤፍ ነው፤ መልካም ይዟል።

ገበሬ 14 የምትያት ሴት እኔ አይደለሁም። አላውቃትም። አማካሪሽን አመስግኚልኝ፤ ሊጠብቁኝ ነው የፈለጉት። ነገር ግን እኔን ማን ከማን ይጠብቀኛል? ንብረት ቤቴን ያውቀዋል። አቶ ቴዎፍሎስ ፊቴን ያውቀዋል። ስሜን የማያውቁት ያንቺን መጽሐፍ የሚያነቡት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ይወቁኝ።

ለአሥሩም ነገርኋቸው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠን ስም ጻፍን። የሚጽፍ ጻፈ፤ የማይጽፍ እኔ ጽፌለት ጣቱን አተመ። አለበል የአባቱን ብቻ ሳይሆን የአያቱንም ስም ካላስገባሽ አለ፤ አስገባሁለት።

ጨርሰን ልንነሣ ስንል ሸጋዬ መጣች። ባሏ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው። ጥቁር ነጠላዋን እንደ ለበሰች ከፊቴ ቆመች።

«እኔንም ጻፊኝ» አለችኝ።

«አንቺ እኮ ፈርመሻል፣ ሸጋዬ» አላት አንዱ።

«አዎ። መፈርሜንም ጻፉት። ለምን እንደ ፈረምሁም ጻፉት። የእኔም በቆሎ ንጹሕ ነበር።»

ጻፍኋት። ወዲያው ሌሎቹም መምጣት ጀመሩ። ሲመሽ ወረቀቱ ከጀርባውም ሞልቶ ነበር። አርባ ሁለት ስም ነው። ሁሉንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለክንዱ ሰጥቼዋለሁ፤ ፎቶውን ሲያነሣ አንዱም ስም እንዳይቆረጥ ነግሬዋለሁ።

በጽሑፍ መጠየቅ አለባችሁ ብለሻልና በጽሑፍ ጠይቀናል። የመጀመሪያው ስም ገላነሽ ቢሰጥ ነው። በትንንሽ ፊደል ግርጌ ላይ አታድርጊው።

አክስትሽ